ጠባብ ቤት ለምትኖር ድመት የትኛው ይሻላል? ከባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም እስከ ደብረ ማርቆስ ጭቃ ቤት

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። ድመት ሆዷ ቢጠግብም፣ ቤቱ ውስጥ አንድ አይጥ ባይኖርም አድፍጣ መያዝ ትፈልጋለች። ከፍ ብላ ቁልቁል ማየት፣ ጥፍሯን መሳል፣ ኩሷን ቆፍራ መቅበርም እንዲሁ አመሏ ነው። ለእነዚህ አራቱ ቦታ የተበጀላት ድመት 20 ካሬ ሜትር ክፍል ውስጥ ደስ ብሏት ትኖራለች። ያልተበጀላት ግን ሰፊ ቪላ ውስጥም ሶፋ ትቧጥጣለች፣ ሌሊት ትጮኻለች፣ አልጋ ላይ ትሸናለች። ስለዚህ ጥያቄው የቤቱ ስፋት ሳይሆን ለእያንዳንዱ አመሏ የትኛው መላ ይሻላል የሚለው ነው። ከዚህ በታች የምናወዳድረው በጎጃም ከተሞች ገበያ፣ በእንጨት ሥራ ቤቶችና በየጓዳው የሚገኘውን ነው።

ማሰር፣ መልቀቅ ወይስ ቤት ውስጥ ማኖር

አዲስ የመጣች ድመትን አንገቷ ላይ ገመድ አድርጎ ከአልጋ ወይም ከጠረጴዛ እግር ጋር ማሰር በአካባቢያችን የተለመደ ነው። ሰው ይህን የሚያደርገው ክፉ ሆኖ አይደለም። ወደ ድሮ ቤቷ እንዳትመለስ፣ ጎረቤት ጓዳ ገብታ ሥጋ እንዳታነሣ፣ መኪና እንዳይገጫት ብሎ ነው። ነገር ግን ከቀረቡት አማራጮች ሁሉ መጥፎው ይህ ነው። የታሰረች ድመት ወንበር ላይ ወጥታ በሌላው በኩል ስትዘል ገመዱ ያጥርና በአንገቷ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ልጆች ሲነካኳት መሸሽ ስለማትችል መቧጨርን ትማራለች። ቤቱንም አትለምደውም፤ የምታውቀው የገመዷን ዙሪያ ብቻ ነው።

ማሰሩን የሚተካው ቀላል ነው። አንድ ክፍል ውስጥ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ያለ ገመድ ከ7 እስከ 14 ቀን አቆዩዋት። ምግቧን በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ስጧት፣ መደበቂያ የሚሆን ካርቶን አስቀምጡላት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቤቱ በጠረኗ ይታወቃል፤ ማለትም ጉንጯን በየበሩ ጫፍና በየወንበሩ እግር እያሻሸች የራሷን ጠረን ታኖርበታለች። ይህን ስታደርግ ካያችሁ ቤቱን ተቀብላዋለች። ለጊዜው የግድ መታሰር ካለባት ማሰሪያው አንገቷን ሳይሆን ደረትና ትከሻዋን የሚይዝ ይሁን፤ ከሥሩ ሁለት ጣት ይግባ፤ ሰው በሌለበት አትታሰር።

መልቀቅስ? እህል ባለበት የገጠር ግቢ ድመት ሥራዋ ጎተራ መጠበቅ ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ባጃጅ፣ ውሻ፣ የድመት ጠብና የአይጥ መርዝ ይጠብቋታል። መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ እየተንገዳገደ ሲሄድ በቀላሉ ይያዝና መርዙን ለድመቷ ያስተላልፋል። ቤት ውስጥ የምትኖር ድመትም ብትሆን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋታል፤ የመጀመሪያው በ3 ወር ዕድሜዋ፣ ቀጣዩ ከዓመት በኋላ ነው።

በረንዳ ላላችሁ ከሁሉ የሚሻለው በሽቦ የተዘጋ በረንዳ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት የትንኝ ወንፊትን ማመን ነው። ባሕር ዳር መስኮቱ ሁሉ ወንፊት አለውና ድመቷ አትወድቅም ብሎ ማሰብ ይቀላል። ቀጭኑ ወንፊት ግን እርግብ አይታ አንዴ ስትወረወርበት ከጠርዙ ተቀድዶ ከሦስተኛ ፎቅ ትወርዳለች። የሚያስፈልገው ቀዳዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ሽቦ ነው። ከበረንዳው ብረት ጋር በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በማሰሪያ ሽቦ ይታሰር፤ የተቆረጠው የሽቦ ጫፍ ወደ ውጭ ይታጠፍ። እስከ ጣሪያ መድረስ ካልቻለ የላይኛውን 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አዘንብሉት። ጥላ ያለው ጥግ ይኑር፤ የባሕር ዳር የከሰዓት ፀሐይ ሲሚንቶውን ያግለዋል። እሬትና ጉሎ ካለ ከዚያ ይነሣ፤ ሁለቱም ለድመት መርዝ ናቸው።

ስፋት ወይስ ቁመት

ጠባብ ቤት ውስጥ ከሁሉ በፊት ገንዘብና ጉልበት መዋል ያለበት ቁመት ላይ ነው። ድመት ወለል ላይ ሰው ሲመላለስ፣ ልጅ ሲሮጥ፣ ቡና ሲፈላ ወደ ላይ መውጣት ካልቻለች የቀራት አልጋ ሥር መደበቅ ነው። አልጋ ሥር የምትውል ድመት ዓይን አፋር ናት ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን መውጫ ያጣች ናት። ሦስት አማራጭ አለ፦ ያለውን ቁምሳጥን መጠቀም፣ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ መምታት፣ ለብቻው የሚቆም ምሰሶ መሥራት።

የመጀመሪያው ምንም አያስወጣም። የቁምሳጥኑን ወይም የቡፌውን አናት ባዶ አድርጉት፤ የማያንሸራትት አሮጌ ጋቢ አጥፋችሁ አንጥፉበት፤ መወጣጫ እንዲሆን አጠገቡ ወንበር ወይም ሣጥን አቁሙ። አናቱ ላይ ዕቃ መደርደር የለመደ ቤት ይህን ሲያደርግ ቅር ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን ካርቶኑ ሌላ ቦታ ያገኛል፣ ድመቷ ግን አታገኝም።

መደርደሪያ ከመረጣችሁ ልኩ ይህ ነው፦ ጥልቀቱ ከ25 እስከ 30፣ ርዝመቱ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር። በአንዱና በሌላው መካከል ወደ ላይ ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ጎንም ከ40 ያልበለጠ። ከላይኛው መደርደሪያ እስከ ጣሪያ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ይቅር። ሦስት ለአንድ ክፍል ይበቃሉ፤ ትልቁ ስሕተት መውረጃ መርሳት ነው። አንድ መንገድ ብቻ ካለ ሁለተኛዋ ድመት ወይም ልጁ ሥሩ ከቆመ ላይ ያለችው ታግታ ትቀራለች።

አሁን ግድግዳው ይመጣል። የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። መሰርሰሪያው ድንገት «ጥልቅ» ካለ ባዶው ላይ ወድቃችኋልና እዚያ የገባ ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) ብሎኑ ሲጠብቅ አብሮ ይሽከረከራል። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ሄዳችሁ ጠጣሩን ፈልጉ። ኮለኑ (የአርማታው ምሰሶ) ባለበት ቦታ መምታት ከቻላችሁ እሱን የሚያህል የለም። ሲያልቅ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልታችሁ መደርደሪያው ላይ አንድ ሌሊት አሳድሩት። 4 ኪሎ ድመት ዘላ ስታርፍ የምትጥለው ኃይል ከክብደቷ በብዙ እጥፍ ይበልጣልና 20 ኪሎውን ያልቻለ መደርደሪያ ለእሷ አይሆንም። አንዴ ከሥሯ የተነቃነቀ መደርደሪያ ላይ ድመት ተመልሳ አትወጣም።

የጭቃ ቤት ሌላ ዓይነት ነው። ብሎን በጭቃውና በጭዱ ላይ አይቆምም፤ የሚይዘው ከልስኑ ሥር ያለውን ቋሚ እንጨት ሲያገኝ ብቻ ነው። ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ እያንኳኳችሁ ድምፁ የሚደድርበትን ፈልጉ፣ በቀጭን ምስማር ሞክሩ። ምስማሩ ያለ ትግል ከገባ እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል፤ ተዉት። ጥሩ እንጨት ከተገኘ ብሎኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይንከሰው። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አከራዩን ሳትጠይቁ ባትመቱ ይሻላል።

ለጭቃ ቤትና ለተከራይ የምንመርጠው ለብቻው የሚቆም ምሰሶ ነው። በጣሪያና በወለል መካከል ተወጥሮ የሚቆመው ዓይነት እዚህ አይሠራም፤ ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይም ማዳበሪያ ነውና የሚደገፍበት የለም። ስለዚህ ሰፊ መሠረት ያስፈልጋል፦ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ፣ መካከሉ ላይ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጣና። አጣናውን ከሥር በኩል በሁለት ረጅም ብሎን፣ ከላይ በኩል በአራት በኤል ቅርጽ በታጠፉ ብረቶች ከጣውላው ጋር እሰሩት። ባሕር ዛፉ ቅርፊቱ የተላጠና በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የተጠመጠመበት ገመድ በወር ውስጥ ይላላል፤ ሽታውንም ድመት አትወደውም። እንጅባራ አካባቢ ያላችሁ ከቀርከሃ መሥራት ትችላላችሁ፤ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ላዩ ያንሸራትታልና ያለ ገመድ አይወጣበትም።

መሶቡን ለማዳን

ይኸው ምሰሶ ጥፍር መሳያም ይሆናል። ድመት ጥፍሯን የምትስለው የውጭውን አሮጌ ቅርፊት ለማውለቅ፣ ጀርባዋን ለመዘርጋትና ጠረን ለመተው ነው፤ በመቆጣት አይቆምም። የምትመርጠው ደግሞ ጥፍር የሚይዝና የማይነቃነቅ ነገር ነው። መሶብ ላይ የምትወጣው ለዚህ ነው፦ በአክርማ ተጠቅልሎ የተሰፋው ስፌት ጥፍሯን ልክ አድርጎ ይይዝላታል። ለመሶቡ ምትክ የሚሆነውም ያንኑ ስሜት የሚሰጥ መሆን አለበት።

የቃጫ ገመድ አንደኛ ነው። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ምሰሶ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ለመሸፈን ወደ 21 ሜትር ይፈልጋል፤ ለቋጠሮ ጨምራችሁ 23 ሜትር ግዙ። ከወለሉ 35 ሴንቲ ሜትር ላይ ጀምራችሁ እስከ 85 ጠምጥሙ፤ ድመት ተንጠራርታ የምትስለው እዚያ ላይ ነው። እያንዳንዱን ዙር በመዶሻ ወደ ታች እየመታችሁ አጠጋጉ። መካከሉ ላይ ምስማር አትምቱ፤ ጫፍና ጫፉን ብቻ ያዙት። የቃጫ ጆንያ ሁለተኛ ነው፤ ይረክሳል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። የእህል ማዳበሪያ ግን አይሆንም። ፕላስቲኩ በጥፍር ሲተለተል ረጅም ክር ይሆናል፤ ድመት ከዋጠችው አንጀቷን ይሸበሽበዋል።

ምሰሶው መሶቡ ከሚቀመጥበት አጠገብ ይቁም፤ ጥግ ተወርውሮ ከተቀመጠ አትነካውም። ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገው መዘርጋትና መሳል ነው፤ ስለዚህ መኝታዋም አጠገቡ ይሁን። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ስትለምደው በየቀኑ አንድ ስንዝር እያራቃችሁ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱት።

አሸዋ፣ ሰጋቱራ፣ አፈር ወይስ አመድ

መጸዳጃዋ ላይ የሚደረገው ነገር ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ይበላሻል። መጀመሪያ ዕቃው። የተቆረጠ ሃያ ሊትር ጀሪካን ለግልገል እስከ 5 ወር ገደማ ይሆናል፤ ለአዋቂ ግን ይጠባል። ለአዋቂ ዕቃው ገብታ ለመዞርና ለመቆፈር የሚበቃት ይሁን። 50 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሚቆም የፕላስቲክ ሳፋ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ከድመቶቹ በአንድ ይብለጥ፤ ለአንድ ድመት ሁለት።

በዚህ ሳፋ 6 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት ወደ 10 ሊትር የሚሆን ነገር ያስፈልጋል። አሸዋ ከሆነ 16 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሰጋቱራ ከሆነ ወደ 2 ኪሎ። አራተኛ ፎቅ ለሚሸከም ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ድመት ራሷ ብትጠየቅ ደቃቅ አሸዋ ትመርጣለች፤ ለመዳፏ ይለሰልሳል፣ ለመቆፈር ይመቻል። ጉዳቱ ሽንት አለመምጠጡ ነው፤ ሽንቱ ወርዶ ሥሩ ላይ ይቋጥርና በሁለተኛው ቀን ይሸታል። በበጋ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሊደርቅ ይችላል። በክረምት ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ በጎጃም ዝናብ አሸዋ የሚያደርቅ ፀሐይ አይገኝም።

ስለዚህ ፎቅ ላይ ላለና ለክረምት ሰጋቱራ፣ መሬት ላይ ግቢ ላለውና ለበጋ አሸዋ እንላለን። ሰጋቱራው የደረቀ የእንጨት ይሁን፤ ጽድና ባሕር ዛፍ ሽታቸው ስለሚከብዳት ዋንዛ ካገኛችሁ ይሻላል። ሙጫ ካለው የፋብሪካ ጣውላ የወጣውን ዱቄት አትውሰዱ። በወንፊት ነፍታችሁ ብናኙን አስወግዱ፤ ያለዚያ ታስነጥሳለች። በየ4 ቀኑ ሙሉ በሙሉ ከተቀየረ ለሦስቱ የክረምት ወራት ለአንድ ሳፋ 230 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ይህ ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ ሙሉ ማለት ነው። ዝናቡ ሳይገባ በግንቦት አምጥታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ሻግቶ የገባ ሰጋቱራ አይረባም። የጓሮ አፈር የጥገኛ ትል እንቁላል ይዞ ይመጣል። አመድ ደግሞ ሽታ ቢያፍንም ሲረጥብ መዳፏን ያቃጥላል፤ ስትልሰው አፏንም ይጎዳል። እነዚህን ሁለቱን አንመክርም።

ኩሱን በቀን ሁለቴ ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጡ። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። በድመት ኩስ የሚወጣው የቶክሶፕላዝማ ተውሳክ ወደ ሰው ሊተላለፍ የሚችለው ከወጣ ከ1 እስከ 5 ቀን በኋላ ነውና በየቀኑ የተነሣ ኩስ አደጋው በጣም ያነሰ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጨርሶ ባትነካው ይሻላል፤ ሌላ ሰው ይሥራው። የተነሣው ጎመን የሚተከልበት ጓሮ አይደፋ። ሳፋውን በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ነጭ የሚሆኑት የጀርም ማጥፊያዎች ደግሞ ለድመት መርዝ ናቸው።

ወንድ ድመት ሳፋው ላይ እየተመላለሰ ሲያምጥ፣ ሽንት ግን ጠብ ሳይል ከታየ ይህ የሽንት ቧንቧ መዘጋት ነው። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል፤ ነገ ሳትሉ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት።

ጨዋታው በምን ይሁን

ቀን ሙሉ መሬት ላይ ተጥለው የሚዋሉ መጫወቻዎችና ሰው ይዞ የሚያጫውታቸው አንድ አይደሉም። የማይንቀሳቀስ ነገር ለድመት የሞተ አይጥ ነው። 80 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሸምበቆ ጫፍ ላይ የዶሮ ላባ በሲባጎ አስራችሁ ከእሷ እየሸሸ እንዲሄድ ጎትቱ፤ ወደ ፊቷ አታምጡት፤ ወደ አዳኙ የሚመጣ አይጥ የለም። ከወንበር ጀርባ ይደበቅ፣ ይቁም፣ ጫፉ ይንቀጥቀጥ። ያን ጊዜ ጆሮዋ ወደ ፊት ይቀሰራል፣ ጭኗ ይርገበገባል፣ ከዚያ ትወረወራለች። አምስት ጊዜ ካመለጣት በስድስተኛው ትያዘው፤ ሁልጊዜ ካመለጣት ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች። ንጋትና ምሽት ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ወዲያው ከጨዋታው በኋላ ምግብ። አድና፣ በልታ፣ ልሳ፣ ትተኛለች፤ ሌሊት እግር የምትነክስ ድመት በአብዛኛው የማታው ጨዋታ የቀረባት ናት።

ሲጨርሱ ሲባጎው ተጠቅልሎ መሳቢያ ይግባ። ጥጥ በሚፈተልበትና ጥልፍ በሚሠራበት ቤት ይህ ከሁሉ የከበደ ነገር ነው። የድመት ምላስ እሾህ እሾህ ያለው ወደ ጉሮሮ የዘነበለ ነውና የያዘችውን ክር መትፋት አትችልም፤ ያላት አማራጭ መዋጥ ነው። ፈትል፣ ማግና መርፌ የተሰካበት ክር ክዳን ባለው ሙዳይ ይቀመጥ። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትጎትቱ፤ አንጀቷን ይቆርጣል። ወደ ሐኪም ይዛችኋት ሂዱ።

ሰው ሥራ በሚውልበት ቀን የሠላሳ እንቁላል የወረቀት ትሪ ይጠቅማል። ምሳዋን በጥቃቅኑ ቆርጣችሁ በየጉድጓዱ ጣሉ፤ በመዳፏ እያወጣች ግማሽ ሰዓት ትሠራበታለች። የምታኝከው ሣር እንዲሆናት ገብስም ዝሩላት፦ አንድ እፍኝ ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ላይ በትኑ፤ ባሕር ዳር በ8ና በ10 ቀን፣ ደብረ ማርቆስ ቅዝቃዜው ስላለ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይደርሳል። ለጉዝጓዝ የተነሰነሰውን ቄጤማ ከምታኝክ ሰው ያልረገጠው ይሻላታል።

ሁዳዴ ሲገባ

ድመት ሥጋ በል ናት፤ ሽሮና እንጀራ ሆዷን ይሞላል እንጂ አያኖራትም። ቤቱ ለ55 ቀን ሲጾም፣ ሥጋ ቤቱም ሲዘጋ እሷ አብራ መጾም የለባትም። ከጾሙ በፊት ጨውና በርበሬ ያልነካው ቋንጣ ማድረቅ፣ በጾሙ ጊዜ እንቁላል መቀቀል፣ ባሕር ዳር ላላችሁ ደግሞ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ቀቅሎ አጥንቱን መልቀም ሦስቱ አማራጮች ናቸው። ዓሣው ይቀቀል፤ ጥሬው ሲደጋገም አንዳንዱ ዓይነት ቪታሚን ቢ1 ያሳጣታል። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ130 እስከ 170 ግራም ጥሬ ክብደት ያለው ቀይ ሥጋ ይበቃታል። ልብ ጨምሩበት፤ ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋት ታውሪን እዚያ በብዛት አለ፤ ሲቀቀል ወደ መረቁ ስለሚወጣ መረቁን አብራችሁ ስጧት። ለአንድ ኪሎ ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ካልሲየሙን ይሞላል። ጉበት በሳምንት አንዴ ትንሽ ቁራጭ እንጂ በየቀኑ አይሁን። የወጥ ትራፊ አይሰጣት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሟን ይጎዳል።

አንዲት ወይስ ሁለት

ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነና ቀን ሰው የሚውልበት ከሆነ አንዲት አዋቂ ድመት ትመረጣለች፤ ጠባይዋ የታወቀ ነው። ሰው የማይውልበት ቤት ከሆነ ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ግልገሎች ይሻላሉ፤ እርስ በርስ ይጫወታሉ። ግን ከእናታቸው ከ8 ሳምንት በፊት አይለዩ፤ በአንድ ወሩ የተወሰደ ግልገል መንከስን ይለምዳል። ሁለቱንም ወደ 5 ወር ሲጠጉ አስመክኑ፤ ያለዚያ ወንዱ ግድግዳ ላይ ሽንት ይረጫል፣ ሴቷም ባረገዘች በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች።

የማይተዋወቁ ሁለት አዋቂዎችን ጠባብ ክፍል ውስጥ ማገናኘት ከሁሉ ከባዱ ነው፤ ሁለት ክፍል ከሌላችሁ አትጀምሩት። ካላችሁ አዲሷን ከ7 እስከ 14 ቀን ለብቻዋ ዝጉባት። የተኙበትን ጨርቅ አቀያይሩላቸው፤ ምግባቸውን በተዘጋው በር ግራና ቀኝ አስቀምጡ። ሁለቱም በሩ ሥር ሳያንጎራጉሩ ከበሉ በሩን ለ10 ደቂቃ ክፈቱ፤ አንደኛዋ ዓይኗን ተክላ ከቀረች ካርቶን በመካከላቸው አስገብታችሁ ዝጉትና በማግስቱ እንደገና ሞክሩ።